የማይዘቅጥ አብሽ

ፈሳሽ መድኃኒት የሚቀምም ጓደኛ አላችሁ? ከሌላችሁ አልሐምዱሊላህ በሉ! የእኔው ሰይድ ኮምቦልቻ የሕፃናት ሽሮፕ ይቀምማል። ሥራው የማይሟሟ ዱቄት ውኃ ውስጥ ማንሳፈፍ ነው፤ ጠላቱም ጠርሙስ ሥር የሚተኛ ዝቃጭ።

ገራዶ መንደር ሚስት ልናጭለት ሽማግሌ ሆነን ስንሄድ «እኔም ካልሄድኩ» ብሎ ሙጭጭ አለ። ዱቄቱ በውኃ ተመትቶ የሚጠጣው አብሽ ቀረበልን። እኛ ጠጣን፤ እሱ ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ አንሥቶ ግማሽ ሰዓት አፈጠጠበት። የልጅቱ አባት፣ ሐጂ፣ ፊታቸው ጠቆረ።

«ወላሂ አልዘቀጠም!» ብሎ ሰይድ ብድግ አለ። «ማን ነው የመታው?»

«የመጣኸው ለልጄ ነው ለአብሹ?»

«መጀመሪያ የመታውን ይንገሩኝ፣ ሐጂ!»

«እኔ ነኝ» አሉ፣ ጢማቸውን እየዳበሱ።

ልጅቱን ሌላ ሰው አገባት። ሰይድ ግን ዛሬም በየጁምዓው ገራዶ እየሄደ ከሐጂ ጋር አብሽ ይመታል።