ከላይ የመጣው ቅድመ አያት

እሁድ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የቤተሰቡ የፍልሰት ታሪክ አጣሪ ኮሚቴ በሙሉ አባላቱ ተሰየመ። የተገኙት ሰብሳቢው ጡረተኛው አጎት፣ ቃለ ጉባኤ ያዧ ታናሽ እህታቸው፣ እንዲሁም ድምፅ የመስጠት መብት የሌላት ልብስ ሰፊዋ የሟች ወንድማቸው ልጅ ናቸው። አጀንዳው አንድ ነው፤ ልጅቱ የወደደችውን መካኒክ ታግባ ወይስ አታግባ?

አጎት ያሳደጓትን ልጅ ዘሩ ላልተጣራ ሰው አይሰጡም። ስለዚህ ሦስት ወር ሙሉ መዝገብ ቤት ተመላልሰው፣ በአቧራ ሲያስነጥሱ ከርመው፣ የቅድመ አያታቸውን ስም ከአሮጌው የሰፋሪዎች መዝገብ አገኙ። የሰው ዘር መፈተሽ ነውር ነው ብለው ሌላውን መስመር በማስመሪያ ሸፍነው የራሳቸውን ብቻ ገለበጡ። ጨዋነት ማለት ይህ ነው።

ጉሮሯቸውን ጠርገው አነበቡ።

«የመጣበት ስፍራ፦ ከላይ። የመጣበት ምክንያት፦ ከላይ።»

«ከላይ የት፣ ወንድምጋሼ?» አለች እህታቸው ብዕሯን እንዳነሳች።

«ከላይ የመጣ ሰው የት ይባላል እንዴ? ምክንያቱንም ልብ በይ! በትእዛዝ የመጣ ሰው ነው። መካኒኩ ግን ከወንዝ ማዶ ነን ብሎ በገዛ አፉ ነግሮናል። ታዲያ ይህን ደም ከዚያ ጋር እንቀላቅለው?»

ልጅቱ ከቦርሳዋ የገጹን ሙሉ ፎቶ ኮፒ አወጣች።

«ጋሼ፣ እኔም ሄጄ ነበር። ከላይ ማለት እኮ ከላይ እንደተጻፈው ማለት ነው። ጸሐፊው መድገም ሰልችቶት ነው።»

«ከላይስ ማን ነው የተጻፈው?»

«የመካኒኩ ቅድመ አያት።»

አጎት መነጽራቸውን አስተካክለው አጎነበሱ። የመጣበት ስፍራ፦ ከወንዝ ማዶ። የመጣበት ምክንያት፦ በግ ሰርቆ ተባሮ።

«ይህንንም ልጻፈው?» አለች እህታቸው።

«ቆይ እስቲ አንቺ ደግሞ! ይህን ወረቀት ሌላ ማን አየው?»

«እሱ። አብረን ነው የሄድነው።»

«ምን አለ?»

«ሆዱን ይዞ ሳቀ። ከዚያ፣ ካላወሩብን አናወራባቸውም አለ።»

አጎት ፎቶ ኮፒውን አራት ቦታ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ።

«ጻፊ» አሉ። «ሁለቱ ቤተሰቦች ከጥንት ጀምሮ በሥራ አጋርነት የተሳሰሩ መሆናቸው በሰነድ ስለተረጋገጠ፣ ኮሚቴው ጋብቻውን በሙሉ ድምፅ አጽድቋል።»

«የሥራው ዓይነት ምን ይባል?»

«እንስሳት ማዘዋወር በይ።»

በሁለተኛው ቅዳሜ ተጋቡ።