ኮምፒውተር ውስጥ የሚደርቅ ኮንክሪት

በዓለም ላይ ሦስት ሳምንት ከተማረ ሰው የበለጠ አዋቂ የለም። አምስት ዓመት ዩኒቨርሲቲ የቆየ ሰው ቢያንስ የማያውቀው ነገር እንዳለ ያውቃል፤ ሦስት ሳምንት የተማረ ግን እግዜር ይጠብቃችሁ። ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። መንጃ ፈቃድ ሊያወጣ ሲማር ታክሲ ውስጥ ከኋላ ወንበር ሆኖ ፍሬን የሚረግጥ፣ የመጀመሪያ እርዳታ ሲማር ያሳለውን ሁሉ ካላስተኛሁ የሚል ነው። ዕድሜው ወደ ስድሳ የተጠጋ እንደሆነ ደግሞ፣ በቃ፣ የሚያቆመው ኃይል የለም።

የእኛው ክቡርነታቸው የሕንፃ ሥራ ፎርማን ናቸው። ሳይት ላይ ግንበኛውም አናጢውም «ጋሽ ውሃ ልክ» ይላቸዋል፤ ግድግዳ ስንት ሚሊ እንደተጣመመ በዓይናቸው ብቻ ስለሚናገሩ። ሠላሳ አራት ዓመት ሲገነቡ ኮምፒውተርን የሚያውቁት በጸሐፊዋ ጠረጴዛ ላይ ነበር። ዘንድሮ ኩባንያችን ማስታወቂያ ለጠፈ። ከእንግዲህ ማንኛውም ሕንፃ መሬት ላይ ከመቆሙ በፊት ከነቧንቧው፣ ከነኤሌክትሪክ ሽቦው ኮምፒውተር ውስጥ ይገነባል፤ ሥልጠናውን ያላለፈ ፎርማን ሳይቱን አስረክቦ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ይዛወራል። ለጋሽ ውሃ ልክ ግምጃ ቤት መግባት በቁም መቀበር ነው።

እኔም ከዲዛይን ክፍል ተልኬ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። የተሳሳተ መስመር በምላጭ እየፋቅሁ ያረጀሁ አርክቴክት ስለሆንኩ፣ ወደ ሥልጠናው ክፍል የገባሁት እግሬን እየጎተትኩ ነው። እሳቸው ግን ሱፍ ለብሰው፣ ጫማ አስጠርገው መጡ። ታናሽ ልጃቸው ልትሆን የምትችለዋ መምህርት ስትገባ ብድግ አሉ። ማውሱን እንደ መዶሻ ጨብጠው የመጀመሪያ ግድግዳቸውን ሲተክሉ ደግሞ ክፍሉን በጩኸት አናጉት።

«ኧረ ቆመ! ኧረ ሰዎች፣ ያለ አንድ ቁና ሲሚንቶ ቆመ!»

ከጎረቤት ቢሮ ሰው መጣ። እሳቸውም ግድግዳውን በየአቅጣጫው እያሽከረከሩ ለእንግዶቹ አስጎበኙ።

ከዚያ ወዲያ የሚችላቸው ጠፋ። ያዩትን ሁሉ በሜትር ለክተው ኮምፒውተር ውስጥ ይገነባሉ። የሥልጠና ክፍሉን ገነቡ፤ የኩባንያውን ሽንት ቤት ከነመቀመጫው ገነቡ። የሚከራከራቸው ሲመጣ ጣታቸውን ወደ ላይ ቀስረው «ሞዴሉ አይዋሽም!» ይላሉ፤ ክርክሩ አበቃ። በሁለተኛው ሳምንት ባለቤታቸው ደወሉልኝ።

«ወንድሜ፣ እባክህ አንድ በልልኝ። ፍሪጁ ከበሩ ጋር ይጋጫል ብሎ ኮሪደር ላይ አውጥቶታል።»

«እውነት ይጋጫል እንዴ?»

«ሃያ ዓመት ሙሉ ሲጋጭ ነው የኖረው! እኔ ስነግረው ያልሰማኝን፣ ኮምፒውተር ሲነግረው አመነ።»

የመጨረሻው ፈተና አንድ ፎቅ ያለው የጤና ጣቢያ ከመሠረት እስከ ጣሪያ መገንባት ነበር፤ ሦስት ሳምንት ተሰጠን። ለማስረከብ ስምንት ቀን ሲቀረው መምህርቷ በየወንበሩ እየዞረች መጥታ እሳቸው ጋ ቆመች።

«ጋሼ፣ ፎቁስ?»

«ሶሌታው ገና ነው።»

ሶሌታ ማለት የታችኛው ክፍል ጣሪያ፣ የላይኛው ወለል የሚሆነው ኮንክሪት ነው።

«ምኑ ነው ገና?»

«ከትናንት በስቲያ ነው የሞላሁት። ሰባት ቀን ሳይሆነው ማን ይቆምበታል?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ልጅቷ ግን ከንፈሯን ነክሳ ቻለች። «ጋሼ፣ እዚህ ውስጥ እኮ አይደርቅም... ማለቴ፣ ደርቋል! ቀኑን ብቻ ይጻፉለትና ይለፉ።»

«ጽፌ ካለፍኩ ዓይኔ ያልፋል፣ የኔ ልጅ። ስጠብቅ ነው የማየው። ይኸው ትናንት ቁጭ ብዬ ስጠብቅ፣ የፍሳሽ ቧንቧው ሶሌታ ተሸካሚውን አግዳሚ በስቶ ሲያልፍ ያዝኩት።»

ሁሉም ሲስቅ እኔ አልሳቅሁም። ገና ከዩኒቨርሲቲ የወጣሁ ሰሞን፣ የአንድ ትምህርት ቤት ምረቃ ደርሶብን፣ ሶሌታውን የደገፈው እንጨት በአራተኛው ቀን ይነሳ ብዬ ጮኼባቸው ነበር። ወንበር አምጥተው ከድጋፉ መሃል ተቀመጡ፤ ምሳቸውንም እዚያው በሉ። ሪባን ቆራጩ ሹም መጥቶ ተመለሰ፤ እኔም ተግሣጽ ተጻፈልኝ። ዛሬም በአውቶቡስ በዚያ ሳልፍ ቀና እላለሁ። አብረውኝ ከሠሩት ስንቱ የለም፤ ትምህርት ቤቱ ግን ልጆች እየተንጋጉበት ቆሟል።

የማስረከቢያው ሐሙስ ደረሰ። የፕሮጀክት ኃላፊው መጣ። የእኔ ጤና ጣቢያ ያማረ ነበር፤ መስኮቱ፣ ቀለሙ፣ በራፉ ላይ የተከልኩት ዛፍ ሳይቀር። የጋሽ ውሃ ልክ ግን ጣሪያ የለውም።

«ጣሪያው የታለ?» አለ ኃላፊው።

«ማክሰኞ ነው።»

«ጋሼ፣ ደንቡን ያውቁታል። ያላለቀ ማለት የወደቀ ነው።» ብዕሩን አወጣ። ጋሽ ውሃ ልክ ኮታቸውን ቆለፉ።

«ከመፈረምዎ በፊት የሁሉም ሥራ ከቀን ወደ ቀን ይታይ» አለች መምህርቷ።

ፕሮግራሙ ሕንፃውን በተጻፈለት ቀን መሠረት ከመጀመሪያ ጀምሮ እንደ ፊልም ያሳያል። የእኔን ከፈተች። በሦስተኛው ቀን ድጋፉ ተነሳ፤ በአራተኛው ቀን ደረጃ በሌለበት የፎቁ መስኮት ተገጠመ። ያ ሁሉ ውበት አየር ላይ ተንሳፍፎ ቀረ። የሌሎቹም ከእኔ ብዙ አይሻልም ነበር። ቀጥሎ የእሳቸው ተከፈተ። ኮንክሪት ተሞላ፤ ቆየ። ድጋፉ ሳይነሳ ቆየ። ደረጃው ወጣ፤ ከዚያ በኋላ ነው ፎቁ የጀመረው። በእሳቸው ሞዴል ሶሌታ ተደርምሶበት የሚሞት ሰው አልነበረም።

ኃላፊው ሁለት ጊዜ አስደገመው። ከዚያ ብዕሩን ከደነ።

«ማክሰኞ ጣሪያው ይኑር። ሳይትዎን ማንም አይነካውም።»

ማክሰኞ ጠዋት ትምህርት አልነበረም፤ ሰባታችንም ሠልጣኞች መጣን። ጋሽ ውሃ ልክ ተራ በተራ አዩን፤ እጃቸውን በሱሪያቸው ጠረጉና ጣሪያውን ጫኑት። ልክ ብሎ ተቀመጠ። ጠረጴዛ እየደበደብን ጮህን፤ መምህርቷ ዘለለች። እሳቸው ግን ገና አልጨረሱም። ሕንፃውን ቀስ ብለው አዙረው የፊት ለፊቱን በር ከፈቱልን፤ ከወንበራቸውም ተነሥተው እንደ ባለቤት ዞር አሉልን።

«በሉ እንግዲህ፣ ግቡ።»

እኔ፣ የሃምሳ ሁለት ዓመቱ ሰውዬ፣ ወደ ኮምፒውተሩ ጎንበስ ብዬ ገባሁ።