የጭነት መኪና ድምፅ ያላት ሞተር

እኔ የምለው፣ ክላክስ ግን ምን ማለት ነው? እንዲሁ ስጠይቅ ነው። ሹፌር ብትጠይቁ “ዞር በል ማለት ነው” ይላችኋል። ለእሱ እውነት ነው። ለሰሚው ግን ሌላ ነው። በሠርግ ቀን ክላክስ እልልታ ነው። ከትልቅ የብረት በር ፊት ሲሆን “ዘበኛ፣ ክፈት” ነው። ወዳጃችሁ በመኪና ሲያልፍ ካደረገው ደግሞ “እንዴት ዋልክ” ነው። እናንተም ቆማችሁ፣ ባርኔጣችሁን አንስታችሁ፣ ጎንበስ ብላችሁ እጅ ትነሳላችሁ። መሀል መንገድ ላይ ከሆናችሁ እዚያው መሀል መንገድ ላይ። እንግዲህ አንድ ድምፅ ይህን ሁሉ ትርጉም ከተሸከመ፣ ድምፁን ስናጎላ የቱን ትርጉም ነው የምናጎላው?

ይህን ጥያቄ ስንት ዘመን የማመነዥከው በጎረቤቴ በበላቸው ምክንያት ነው።

ዘመኑ ደርግ ነው። ሰፈሩ ልደታ፣ ዛሬ ኮንዶሚኒየም የተደረደረበት አካባቢ። ያኔ በጭቃ ግድግዳና በቆርቆሮ ጣሪያ ተጠጋግተን ነበር የምንኖረው። ቤንዚን በኩፖን ስለሆነ መኪና አይበዛም፤ መኪና ስለማይበዛም መንገዱ የእግረኛ ነበር። የልደታ ሰው መንገድ አያቋርጥም፤ መንገድ ላይ ይውላል። ሁለት ሴቶች መሀል አስፋልት ይገናኛሉ። የባልን፣ የልጅን፣ የጎረቤትን፣ የታመመች ዶሮ ካለችም የእሷን ጤንነት ይጠያየቃሉ። መኪናው ቆሞ ይጠብቃል። ሹፌሩም ቢሆን እምብዛም አይቆጣም። አንዱ እንዲያውም በመስኮት አንገቱን አውጥቶ “ዶሮዋስ ተሻላት?” ሲል ሰምቻለሁ።

በላቸው የጂኦግራፊ መምህር ነው። ረጋ ያለ፣ ሲናገር እንኳ ካርታ ላይ ጣቱን የሚያስኬድ የሚመስል ሰው። ሞተሯን የገዛት ወደ አገሩ ከሚመለስ አንድ የውጭ ባለሙያ ነው። ለቅንጦት እንዳይመስላችሁ። እናቱ ሰበታ ታመው ተኝተው ነበር። ከትምህርት ቤት ሲወጣ ሞተሯ ላይ ይወጣል፤ እናቱን አይቶ፣ ትራሳቸውን አስተካክሎ፣ ሳይመሽ ይመለሳል። በአውቶቡስ ይሂድ ቢባል ሰልፍ ላይ ይመሽበታል። ሞተሯ ከሌለች እናትና ልጅ የሚተያዩት በዓመት በዓል ብቻ ነው። ነገሩ ይኸው ነው።

የሞተሯ ጉድለት አንድ ነበር፤ ድምፅ። ክላክሷ ሲጫኗት “ጢጥ” ትላለች። ጉንፋን የያዘው ጫጩት በሏት።

አንድ የልደታ ዕለት ቅዳሴ ወጥቶ አስፋልቱ በነጠላ ነጭ ሆኗል። መሀሉን ይዘው የሚሄዱት ጎረቤታችን እትዬ ብዙነሽ ናቸው። እትዬ ብዙነሽ መንገድ ላይ ሲሄዱ በጓሯቸው ጎመን መሀል የሚዘዋወሩ ነው የሚመስለው። በላቸው ከኋላ መጣና ጢጥ አደረገ። ምንም። ደግሞ ጢጥ። እትዬ ብዙነሽ ወደ ቀኝ ዘወር አሉ። እሱም በቀኝ ሊያልፍ ኖሮ እሳቸውን ለማዳን ቦይ ገባ። እንደ ምንም ሲወጣ እሳቸው ከላይ ቆመው፣

“የኔ ልጅ፣ ምነው ዝም ብለህ ትመጣለህ?” አሉት።

“ኧረ ክላክስ አድርጌያለሁ፣ እማማ!”

“እሱን ነው? እኔ እኮ ወፍ መስሎኝ ነው።”

ሱሪው ተቀዶ፣ ክርኑ ተልጦ ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ፅጌ አየችው። ፅጌ ክፉ ሴት አይደለችም። ለአማቷ አጥሚት እያፈላች በቴርሞስ የምትልከው እሷ ናት። ግን ሞተሯን አትወዳትም። “ሁለት ጎማ ያለው ነገር እኮ ቆሞ እንኳ ካልደገፉት ይወድቃል” አለች። “ሲሮጥ ማን ይደግፈዋል?” እኔም እዚያው ነበርኩ። ፊዚክስ የተማርኩ ሰው ነኝ፤ ግን መልስ አላገኘሁላትም። ፍርዷን ሰጠች። ወይ ሞተሯ ሰው የሚሰማው ድምፅ ታወጣለች፣ ወይ ትሸጣለች። “አንድ ጊዜ ደግመህ ብትወድቅ፣ ሰበታ በእግርህ ነው” አለችው።

በማግስቱ ጌጃ ሰፈር ወረድን። አሮጌ የመኪና ዕቃ የሚሸጥና የሚገጥም ሸምሱ የሚባል ወዳጅ አለን። እኔን ያስከተለኝ ለምስክር ነው መሰለኝ፤ ፅጌ ፊት ብቻውን መቆም አይወድም። ሸምሱ ጉዳዩን ሰማ፣ ወደ ጓዳ ገባ፣ የድስት ክዳን የሚያህል ነገር በጨርቅ እየጠረገ ወጣ።

“ይሄ ጋሼ፣ ከአሮጌ የጣልያን ጭነት መኪና የወጣ ነው። መኪናው ከሞተ ቆየ። ጉሮሮው ግን ገና ጎረምሳ ነው።”

ነገር መጠየቅ እወዳለሁና “ለመሆኑ ድምፅ ሲጎላ አደጋ ይቀንሳል?” አልኩት።

“እሱን አላህ ያውቃል። እኔ የማውቀው መጮኹን ነው።”

የሞተሯ ባትሪ ያንን ጉሮሮ አልቻለችውም። ስለዚህ የመኪና ባትሪ ተፈልጎ ከኋላ መቀመጫው ላይ በሣጥን ሆኖ ከጎማ በተተለተለ ገመድ ታሰረ። ከዚያ በላቸው ተጫነው።

“ቧ!”

ከሰል የጫነ አህያ ነበረ፤ ወዴት እንደገባ አላየሁም። ማዶ ፍራሽ ተሸክሞ የሚሄድ ሰውዬ ፍራሹን ጥሎ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። በላቸው ወደ እኔ ዞሮ ሣቀ። ለስንት ዓመት ሳውቀው እንደዚያ ሥቆ አያውቅም።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ተአምር ነበሩ። ሞተሯ ገና ከጠመንጃ ያዥ ሰፈር በኩል ብቅ ስትል ሕዝቡ እንደ ባሕር ይከፈላል። ፅጌ ከጓዳ ሆና ትሰማና “ተመስገን፣ መጣ” ትላለች። እኔ ግን አንድ ሁለት ነገር ሳስተውል ሰነበትኩ። አንደኛው፣ ሰዉ ዘሎ ከሸሸ በኋላ በላቸውን አያየውም። ከበላቸው ራስ በላይ፣ ከኋላው፣ ያልመጣ ጭነት መኪና ይፈልጋል። በላቸው አፍንጫቸው ሥር ሲያልፍ “ይቺ ናት እንዴ!” ብለው ያማትባሉ። ሌላው የራሱ የበላቸው ነገር ነው። ድሮ ጠባብ ቦታ ሲደርስ ፍጥነት ይቀንስ የነበረው ሰው አሁን ድምፅ ይጨምራል። ፍሬኑ አርፎ ክላክሱ ይሠራል። ቀስ አድርጌ ነገርኩት። “አንተ እኮ ሞተር ስለሌለህ ነው የምትፈላሰፈው” አለኝ። እውነቱን ነው፤ ሞተር የለኝም።

ከጅብ ጅማት የተሠራ ክራር ቅኝቱ ሁሉ ልብላው ልብላው ነው ይላሉ አባቶች። እኛ ክላክሱን ስንገጥም የረሳነው ይህንን ነው። ጉሮሮው የማን ነበር? የጭነት መኪና። ለቀበሌያችን የኅብረት ሱቅ ስኳርና ሳሙና የሚያመጣውስ? አሮጌ የጣልያን ጭነት መኪና። ሹፌሩ ከታችኛው ኩርባ ላይ ሆኖ የሱቁን በር ለማስከፈት “ቧ!” ያደርጋል። ያን ድምፅ የልደታ ሕዝብ ተኝቶም ያውቀዋል። ድምፁ እንደተሰማ የሚደረገውም የታወቀ ነው። ዘንቢል በአንድ እጅ፣ ድንጋይ በአንድ እጅ ይዞ መሮጥ።

ድንጋዩ ለጠብ አይደለም፣ ለወረፋ ነው። ሰልፉ ረጅም ስለሆነ ሰው ሁሉ ቆሞ አይውልም። ድንጋዩን በተራው ያስቀምጥና ወደ ሥራው ይሄዳል። ድንጋዩ ይሰለፍለታል። ሁሉም የየራሱን ድንጋይ ያውቃል፤ የሰው ድንጋይ የነካ ደግሞ ይብላኝለት።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ለምን አልወጡም ካላችሁ፣ ስኳር ገና ከቤት አላለቀም ነበር። ያን ቅዳሜ ጠዋት ግን ስኳር ከጠፋ ቆይቷል። በላቸው የእናቱን አጥሚት በቴርሞስ ይዞ ወደ ሰበታ ሊሄድ ቁልቁለቱን ይወርዳል። እኔ ከበራፌ ቆሜ ጥርሴን እፍቃለሁ። መሀል መንገድ ላይ ማን አለ? እትዬ ብዙነሽ።

“ቧ!”

እትዬ ብዙነሽ አልሸሹም። ዘወር አሉና ዘንቢላቸውን ከፍተው ወደ እሱ መጡ።

ወዲያው የቤት በር ሁሉ ተበረገደ። ከግራም ከቀኝም ሕዝብ ይፈስስ ጀመር። በላቸው ደነገጠና ምን አደረገ? ሌላ ጊዜ የሚያደርገውን። ደግሞ ተጫነ። ያልሰሙትም ሰሙ። “ዞር በሉ!” እያለ በጮኸ ቁጥር “ኑ!” እያለ ነው። በመጨረሻ ፍሬን የሚባል ነገር እንዳለው ትዝ አለው። ሞተሯ ተንሸራተተች፣ ተንገዳገደች፣ ሕዝቡ መሀል ገብታ ቆመች። ሰው አልተነካም። በላቸውም አልወደቀም። ከግፊያው የተነሣ ሊወድቅ ቢፈልግ እንኳ መውደቂያ ቦታ አልነበረውም።

ከዚያ ያየሁትን ብነግራችሁ ታምኑኝ ይሆን? ሕዝቡ ከሞተሯ የኋላ ጎማ ጀምሮ ድንጋዩን ደረደረ።

“ስኳሩስ?” አሉት እትዬ ብዙነሽ፤ አንደኛ ናቸው።

“ምን ስኳር፣ እማማ?”

“ጠርተኸን የለ!”

“ዞር በሉ ማለቴ ነው!”

“ዞር በሉ ለማለት በስኳር ይጠራል እንዴ? ደግሞ ያ የታሰረው ሣጥን ምንድን ነው?”

“ባትሪ ነው።”

“የፈራ ሰው ሁሉ ባትሪ ነው ይላል” አለ ከኋላ አንድ ድምፅ።

ሣጥኑ ተከፈተ። ባትሪ ነው። ነገሩ እዚህ ላይ ባለቀ ነበር። ግን ያው ከኋላ ያለው ሰውዬ ቴርሞሱን አየ፣ ከፈተ፣ አሸተተ፣ ቀመሰ። “ይጣፍጣል!” አለ። በዚያ ዘመን ስኳር በጠፋበት ሰሞን ጣፋጭ ነገር ይዞ መገኘት ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። “አሻጥር” የምትለዋን፣ ሰው የምታሳስረውን ቃል አንዱ በሹክሹክታ ጣል አደረጋት። በላቸው ፊቱ አመድ መሰለ። እኔም የጥርስ መፋቂያዬን ኪሴ ከተትኩ። ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ፅጌ ይሄኔ ነው ነጠላዋን እያጣፋች የደረሰችው። “ማር ነው!” አለች። “ለታመሙት አማቴ ነው። ያላመነ ይቅመስ!” ቴርሞሱን ተቀብላ ለእትዬ ብዙነሽ ሰጠቻቸው። እትዬ ብዙነሽ በዘመናቸው ጠጅ ጥለው የኖሩ ሴት ናቸው። ክዳኑ ላይ ቀድተው ጎንጨት አሉ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ደግመው ጎንጨት አሉ። ሁለተኛው ለምርመራ አልመሰለኝም።

“ማር ነው” አሉ። “ያውም ጥሩ ማር። ልጁ ይሂድ፣ እናቱ ይጠብቁታል።”

ድንጋዩ ተለቀመ፤ በላቸው ተለቀቀ።

ክላክሱ ግን አልተለቀቀም። ሰኞ ዕለት የቀበሌው ሊቀመንበር በላቸውን አስጠሩት። ተቆጡ፤ ከዚያ ጥቂት አሰቡና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው “ለመሆኑ ጓድ፣ ስንት ሰው ወጣ?” አሉት። ሰፈሩ በሙሉ ነው አላቸው። ሊቀመንበሩ ስብሰባ ሲጠሩ የሚመጣላቸው ወንበሩ ብቻ ነበር። ወዲያው ክላክሱ ለሰፊው ሕዝብ ጥቅም እንዲውል ተወሰነ፤ ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ጣሪያ ሥርም ተሰቀለ። እሑድ ጠዋት “ቧ!” አለ። ሕዝቡ ዘንቢሉን ይዞ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ግቢው ሲሞላ በሩ ተዘጋ፤ ስብሰባው እስከ ምሳ ድረስ ዘለቀ። እንዲህ ያለ የተሟላ ስብሰባ በልደታ ታይቶ አይታወቅም ተባለ።

ጉዱ የመጣው በኋላ ነው። እውነተኛው መኪና እውነተኛ ስኳር ጭኖ ኩርባው ላይ “ቧ!” ሲል አንድ ሰው አልወጣም። እንዲያውም በራፉ ተከፍቶ የነበረ ሁሉ ቀስ ብሎ ዘጋ። መንገድ ላይ ያለውም ስብሰባ መስሎት ፊቱን አዙሮ በእርጋታው ቀጠለ። ጭነት መኪናው ከእግረኛው ኋላ እያዘገመ፣ እንደ ቀብር አጃቢ፣ ሱቁ ደረሰ።

በላቸውስ? ጢጥ የምትለዋ ክላክስ ተመልሳ ተገጠመች። ግን ሳይደግስ አይጣላም። ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ በላቸው ቁልቁለቱን ሲወርድ ገና ከሩቅ ያየው ሰው “ስኳር መጣ!” ይላል። ቀጥሎ ያለው ተቀብሎ ለሚቀጥለው ያቀብላል። ሰዉ ወሬውን ይቀበላል፣ ይዞራል፣ ይሥቃል፤ ፊቱን በደንብ ለማየትም ግራና ቀኝ ተከፍሎ ይቆማል። በላቸው ያፍራል። ስለሚያፍር ቀስ ብሎ ይነዳል። ሰላምታ ስለሚበዛበትም ግማሹን መንገድ ጎንበስ እንዳለ ነው የሚጨርሰው። እትዬ ብዙነሽ ሳይቀሩ ዳር ይዘው ይጠብቁታል፤ “ዛሬስ ምን ይዘህልናል?” ለማለት።

ከዚያ በኋላ ቦይ ገብቶ አያውቅም። የእናቱም አጥሚት አንድ ቀን አልተጓደለም፤ ሰበታ የሚደርሰው እንደ ድሮው እስከነሙቀቱ ነው። እኔም ለጥያቄዬ መልስ ያገኘሁ መሰለኝ። ሰው የሚጠነቀቀው የጮኸበትን ሳይሆን የሚሥቅበትን ነው ብዬ ልደመድም ምንም አልቀረኝም ነበር። ብቻ ለማረጋገጥ አንድ ቀን ፅጌን ጠየቅኋት። ሞተሯን ያልሸጥሻት ለአደጋ የማታሰጋ መሆኗን አምነሽ ነው ወይ?

“የምን ማመን አመጣህ?” አለችኝ። “አሁን ብሸጣት ሰዉ ‘ስኳሩን ጨርሳችሁ ነው?’ አይለኝም?”