የጋሽ ወርቁ ፍየል

የመማሪያ መጽሐፍ አዘጋጅ ኮሚቴ አባል አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ አንድ ደንበኛ አሉኝ፤ ጋሽ ወርቁ ይባላሉ። ሰላም ስትሏቸው፣ ሰላምታው ለስንተኛ ክፍል እንደሚመጥን ሳያመዛዝኑ አይመልሱም።

እኔ ትምህርት ቤት አልገባሁም። ማንበብ የተማርኩት እዚሁ መርካቶ፣ ቅመም ከምጠቀልልባቸው አሮጌ የመማሪያ መጻሕፍት ነው። ከሁሉም ግን አንዲት ፍየል ከልቤ አልወጣችም። ገደል አፋፍ ላይ ቆማ፣ ልጅቷ ገመድ ስትወረውርላት ገጹ ያልቃል! ቀጣዩን ገጽ ለአንድ ሰውዬ ከሙን ጠቅልዬበት ይሆናል ብዬ ስቆጭ፣ ሰውዬውንም ሳማ ኖርኩ። ይህቺን ገጽ ግን ሱቄ ግድግዳ ላይ ለጠፍኳት።

ባለፈው ቅዳሜ ጋሽ ወርቁ አይተዋት ጮኹ፦ "ይህቺን እኮ እኔ ነኝ የጻፍኳት!"

"አላህ ነው ያመጣዎት! ፍየሏ ዳነች?"

"መጨረሻውን ኮሚቴው ቆረጠው። ተማሪዎች ራሳቸው ያስቡት ተባለ።"

ለካ የከሙኑን ሰውዬ በከንቱ ነው ያማሁት!

"እኔ አስቤ አስቤ ደከመኝ፣ ጋሼ! ካልነገሩኝ ኮረሪማ የለም።"

ኮሚቴው ከጆንያዎቹ ጀርባ የተደበቀ ይመስል ግራና ቀኝ አዩ። ከዚያ በርጩማዬ ላይ ተቀምጠው ይተርኩ ጀመር። ኩሊው ሸክሙን አውርዶ ሰማ፣ ገዢው ተሰበሰበ። ገመዱ ሊበጠስ ሲል ትንፋሻችንን ዋጥን። ፍየሏ ስትድን እልል አልን፤ የጋሽ ወርቁ ዓይን እንባ አቀረረ።

ወዲያው ጣታቸውን አነሱ፦ "እንግዲህ በሰማችሁት ታሪክ መሠረት፣ የሚከተሉትን ጥያቄዎች..."

ሰው ሁሉ ተፈተለከ። እኔ ሱቄን ጥዬ የት ልሂድ? ሁሉንም መለስኩ።