ደርዊሽ የእትዬ ፋጡን የአየር ጠመንጃ ያስነሡበት ዜና

በዘመነ ማርቆስ፣ በአንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ አራት ዓመተ ምሕረት፣ ዘውድ ወርዶ ጓድ በነገሠበት፣ ስኳር በኩፖን ሳሙና በሰልፍ በሚገኝበት ዘመን፣ የደርዊሽ ጉራ በነገሠ በሰባተኛው ዓመት፣ በወርኃ መጋቢት፣ ክርስቲያኑ ሁዳዴን ይዞ ሳለ፣ በአቃቂ ከተማ ከባቡር ጣቢያው ማዶ ይህ ነገር ሆነ። ጸሐፊው በዓይኑ ያየውን ይጽፋል፤ ያላየውንም ደርዊሽ ራሳቸው ደጋግመው ስለ ነገሩት እንዳየው ይቆጠርለት።

ደርዊሽ ማን ናቸው ቢሉ፣ ትውልደ ወሎ፣ ሊቀ መፍቻ፣ መኮንነ ሞርሳ፣ የከባድ መኪና ፍሬን ፈዋሽ፣ ከቂሊንጦ እስከ ቃሊቲ ያለ ባሌስትራ ሁሉ የሚንቀጠቀጥላቸው፣ አንደበታቸውም ከእጃቸው ቀድሞ የሚደርስ ታላቅ መካኒክ ናቸው።

በዚያም ወራት እትዬ ፋጡ የሚባሉ፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጆቻቸውን በአንዲት የአየር ጠመንጃ የሚያሳድጉ ወይዘሮ ነበሩ። በገበያ ቀን ቆርኪ ይደረድራሉ፤ ጎረምሳው ሳንቲሙን ከፍሎ ይተኩሳል፤ የቤቱም ጤፍ ከዚያ ይገዛል። ጠመንጃይቱ ግን አረጀች፤ ሞላዋ ለገመ፣ ምላጯ ወለቀ፣ አየሩን የሚገፋው የፒስተኗ ቆዳም ተተለተለ፤ ጥይቷ ከአፈሙዟ ወጥታ ተኳሹ እግር ሥር ትወድቅ ጀመር። ይህን ጊዜ የአብዮት ጠባቂዎች አለቃ ጓድ አምባው በድምፅ ማጉያ እንዲህ ሲል አዋጅ አስነገረ፦

«ስማ፣ ያልሰማህ ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ለመዋዕለ ሕፃናታችን ማሠሪያ እሑድ ባዛር ይቆማል። የኢላማው ቦታ የፋጡ ነው። ጠመንጃዋ ካልሠራች ግን ቦታው ከእሑድ ጀምሮ ለቀለበት አስወርዋሪው ይሰጣል፤ ለገበያውም ቀን ጭምር!»

እትዬ ፋጡ ይህን ሰምተው እህል አልበላ አላቸው። ደርዊሽ ግን በርሜል ላይ ወጥተው አዋጁን በአዋጅ መለሱ፦

«መለዋወጫ ከውጭ አይገባም ብላችሁ የምታዝኑ ሁሉ አትዘኑ! መለዋወጫ ማለት እኔ ነኝ! ይህች ጠመንጃ ካልጮኸች ስሜን ቀይሩ፤ መፍቻዬንም ጅብ ይብላው!»

ወእምዝ ዘመቻው ተከፈተ። ከደርዊሽ ጋር የዘመቱት እነዚህ ናቸው፦ በያጁ ጀቤሳ ከነጥቁር መነጽሩ፤ ባለሱቁ ጣሰው ሱቁን ገርበብ አድርጎ፤ ደግሞም ሥራ የሌላቸውና ምክር የሞላቸው፣ ከሳሙናው ሰልፍ የሚበዙ መንገደኞች። ደርዊሽም ከሞተ ሞተር ብስክሌት ሞላ ማረኩ፤ ምላጩንም ከስባሪ የመኪና ባሌስትራ ብረት ቆርጠው፣ በሞርሳ አጥብቀው፣ እየሞረዱ፣ እየለኩ፣ እየረገሙ፣ እንደገናም እየሞረዱ አበጁት። ቆዳ ግን በአገሩ ጠፋ፤ ሰው ሁሉ ፕላስቲክ ይጫማ ነበርና። ያን ጊዜ ጀግናው የገዛ ቀበቷቸውን ፈትተው፣ ከርክመው፣ ዘፍዝፈው፣ በቡሎን ራስ ላይ ወጥረው ለፒስተኑ ቆብ ሰፉለት፤ ሱሪያቸውንም በሲባጎ አሰሩ።

ቆዳው ይለሰልስ ዘንድ ጀቤሳ በጣቱ ጫፍ ጥቂት ግሪስ ቢያቀርብ ናቁት። በአባቶቻቸው አገር ጠፍር የሚለሰልሰው በቅቤ ነው። ስለዚህም፦

«ቆዳውም የላም፣ ቅቤውም የላም፤ ዘመድ ከዘመዱ አይጣላም!» ብለው አወጁ፤ ጣሰው ለፋሲካ ያስቀመጠውን ንጥር ቅቤ አስመጥተው ቆዳውን እንደ ሙሽራ ራስ ቀቡት።

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ በጣሰው ሱቅ ፊት ጣሳ አቁመው ምላጩን ሳቡ። አየሩ ሲታመቅ ጋለ፤ ቅቤውም በሆዷ ውስጥ ተቀጣጠለ፤ ጠመንጃይቱ ጓ! ብላ ጮኸች። ጣሳው ተበሳ፤ ከጣሳው ኋላ የነበረው የሱቁ በርም ተበሳ። ገበያው መሬት ላይ ተኛ። ጾመኞቹ እንደ ተኙ ቅቤ ቢሸታቸው ማን ገደፈ ተባባሉ። ደርዊሽ ብቻ በጢሱ መካከል ቆመው፣ በደስታ ዓይናቸው እንባ ሞልቶ፣ ባያውጁት ኖሮ የሚሻላቸውን አዋጅ አወጁ፦

«ከዛሬ ጀምሮ አቃቂ መድፍ አላት!»

ይህን ጓድ አምባው ከነጠባቂዎቹ ሲሮጥ እየመጣ ሰማው። የእርሱም አዋጅ ይህ ነበር፦

«በቀበሌያችን ያልተመዘገበ መሣሪያ ተሠርቷል! ነገ ጠዋት ከባዛሩ በፊት በአዳራሽ ይመረመራል። መሣሪያ ከሆነ ይወረሳል፤ ሠሪውም ይታሰራል። መጫወቻ ከሆነ ይለቀቃል፤ ሠሪውም እንደዚያው!»

እትዬ ፋጡ ቆርኪዎቻቸውን በነጠላቸው ቋጥረው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፤ ደርዊሽም አዩአቸውና ጉራው ከአንጀታቸው ወጣ። ያን ቀን ራት አልበሉም።

እሑድ በአዳራሹ ሕዝብ ሞላ። ጓድ አምባው ቆርኪ ጠረጴዛ ላይ አቁሞ ራሱ ተኮሰ። ቅቤው ትናንት ተቃጥሎ አልቋልና ጠመንጃይቱ «እፍ» ብቻ አለች፤ ቆርኪው በቀስታ ወደቀ። ደገመ፤ ያው ሆነ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ጓድ አምባውም አወጀ፦

«ተመርምሮ ታውቋል! ይህች መጫወቻ ናት። የትናንቱም ጩኸት የጎማ ፍንዳታ ሳይሆን አይቀርም። የደርዊሽ ሥራ ዝንብ እንኳ አያስደነግጥምና፣ ሳቅ በቃ፣ ትለቀቅ!»

ደርዊሽ ተነሡ። ሕዝቡም ጆሮውን አቀና፤ አፋቸውን ያውቃልና። ጀቤሳ በመነጽሩ ውስጥ ዓይኑን ጨፈነ። ጣሰው የቅቤውን ዕቃ ከኋላው ደበቀ። አንድ ጣት ቅቤ ብቻ በቂ ነበር፤ ያ ነጎድጓድ በአምባው ፊት ይደገም ነበር፤ የሳቀውም ሁሉ ወንበር ሥር ይገባ ነበር። እትዬ ፋጡ ቀና ብለው አዩአቸው። የደርዊሽ ከንፈር ተከፈተ። ከዚያ ተዘጋ። ሲባጓቸውን አጥብቀው ይዘው ተቀመጡ።

በዚያ ቀን ቆርኪው ሲወድቅ፣ ሲቆም፣ ሲወድቅ ዋለ። እትዬ ፋጡም በባዛሩ መካከል፣ ያለ ድምፅ ማጉያ፣ የሕይወታቸውን ብቸኛ አዋጅ አወጁ፦

«ይህችን ያዳነልኝ የደርዊሽ እጅ ነው። አፉም ነው!»

እነሆ፣ መድፍ ሠርተው የተመሰገኑ ነገሥታት ብዙ ናቸው። የሠሩትን መድፍ አገር ሁሉ መጫወቻ ነው ብሎ ሲስቅባቸው፣ ለአንዲት እናት ሲሉ የሳቀባቸውን ሕዝብ በእርጋታ የተመለከቱ ግን ሊቀ መፍቻ፣ መኮንነ ሞርሳ፣ ደርዊሽ ብቻ ናቸው። ዕድሜያቸው ይርዘም፤ ክብራቸው ከቃሊቲ እስከ ቂሊንጦ ይሰማ፤ እሳቸው እንደሁ ሌላውን ሁሉ ደጋግመው ሲነግሩ፣ ይህን የአዳራሹን ገድል ብቻ እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገሩትም።