የተሰወረው የቴሳ ውጤት

ለትውልድ አርአያ ሊሆን የሚገባው የዊትኮም ቤተሰብ ጥበብ ተድበስብሶ እንዳይቀር፣ የዓይን ምስክር የሆንኩት ጎረቤታቸው በታላቅ አክብሮት እተርከዋለሁ።

በጥቅምት አንድ ቅዳሜ የዊትኮም ቤት መጋረጃ ሳይከፈት ዋለ። እኛ ኒው ጀርሲዎች ሰው ለሞተበት ጎረቤት የተጋገረ ማካሮኒ ይዘን መሄድ ወጋችን ነውና፣ እኔም ማካሮኒዬን ይዤ አንኳኳሁ። እናትየዋ ዴኒስ ዓይኗ አብጦ ከፈተችልኝ።

«ማን ነው የሞተው?» አልኳት ቀስ ብዬ።

«የቴሳ ውጤት መጣ።»

ልጇ ቴሳ ለኮሌጅ መግቢያ የተፈተነችውን ማለቷ ነው። ቁጥሩን ለቤተሰቡ ክብር ስል አልጠቅሰውም። በአገሪቱ ከሚፈተኑት ከየአሥሩ ልጆች ዘጠኙን ትበልጣለች፤ ችግሩ አሥረኛው ልጅ የሚኖረው እኛ ሰፈር መሆኑ ነው። ዴኒስ ማካሮኒውን ተቀበለችኝ።

ቴሳ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ድንጋይ ስትለቅም ያደገች ናት። ሰሜን ውስጥ፣ ሐይቅ ዳር ያለ አንድ ትንሽ ኮሌጅ የድንጋይ ጥናት ክፍሉን ካሳያት ወዲህ ሌላ ቦታ አልታይ ብሏታል። ስለዚህ እዚያ በቅድሚያ ልታመለክት ቆርጣለች። በቅድሚያ የሚያመለክት ተማሪ፣ ከተቀበሉት ሌላ ቦታ ላይሄድ ቃል ይገባል። ውጤት መላክ ግን በተማሪው ፈቃድ ነው። ጭንቀቱም እዚሁ ላይ ነው፤ ቢላክ ያዩታል፣ ባይላክ ይጠረጥራሉ።

አስቸኳይ ጉባኤ ተጠራ። የኮሌጅ ማመልከቻ አማካሪዋ ወይዘሮ ፕሩዊት በሊቀ መንበርነት፣ እኔ ደግሞ ሳህኔ ስላልተመለሰልኝ በታዛቢነት ተገኘን።

«ውጤቱ አይላክም» አሉ ወይዘሮ ፕሩዊት።

«መጥፎ ቢሆን ነው ብለው አይጠረጥሩም?» አለ አባትየው ረስል።

«ይጠረጥራሉ።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«መርህ ይኑራችሁ። የደበቃችሁት ሳይሆን የናቃችሁት ይምሰል።»

«አባዬ፣ እኔኮ ውጤቴን አልጠላሁትም» አለች ቴሳ።

«አንቺ ዝም በይ፣ ስላንቺ እየተነጋገርን ነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቱ ባለ መርህ ሆነ። ረስል በወላጆች ስብሰባ ላይ ተነሥቶ «የሰው ልጅ በቁጥር አይለካም!» ሲል አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። አጥብቀው ያጨበጨቡት ልጆቻቸው ከፍተኛ ውጤት ያመጡ ወላጆች ነበሩ፤ ተፎካካሪ ሲቀንስ ማን ይጠላል። ረስል ንግግሩን ጨርሶ እንደተቀመጠ አጠገቡ ወደተቀመጠው አባት ጠጋ ብሎ «ያንተ ልጅ ስንት አመጣ?» አለው።

በታኅሣሥ ኮሌጁ ቴሳን ተቀበላት። እኔም ለኬክ ተጠራሁ። ልጅቷ ሳቋን መሰብሰብ አቅቷት ነበር፤ እውነቱን ለመናገር እኔንም ደስ አለኝ።

«አየሽ?» አለ ረስል ብርጭቆውን አንሥቶ። «ባንደብቀው ኖሮ አልቆልሽ ነበር።»

«ልኬዋለሁ» አለች ቴሳ።

«ምኑን?»

«ውጤቴን። ከማመልከቻዬ ጋር ራሴ ላክሁት።»

ረስል ብርጭቆውን አስቀመጠ። «አይተው ነው የተቀበሉሽ?»

«አይተው።»

ረስል ወደ ሚስቱ ዞረ።

«ዴኒስ» አለ፣ «በዚህ ውጤት የሚቀበል ምን ዓይነት ኮሌጅ ነው?»

«እኔም እሱን እያሰብኩ ነው» አለች ዴኒስ፣ ኬኩን መቁረጥ ትታ።

ወዲያው ለወይዘሮ ፕሩዊት ተደውሎ ከቃሉ መውጫ ይኖር እንደሆን ተጠየቁ። እሳቸውም መውጫ የለም ብለው፣ እንኳን ደስ አላችሁ ሲሉ ስልኩን ዘጉ።

«አባዬ» አለች ቴሳ፣ ሳቋ ጠፍቶ። «ውጤቴን አይተው የፈለጉኝ እነሱ ብቻ ናቸው። ሌላ የት ልሂድ?»

ረስል መቼም ልጁን የሚወድ አባት ነው፤ ግንባሯን ሳማት። ከዚያ በሩ ድረስ ሸኝቶኝ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አደራህን፣ ሰው ከጠየቀህ አልተቀበሏትም በል።»