ሐናን ድንጋይ አድርጌ ስለ በሬ ይቅርታ የጠየቅሁ ዕለት

ይህን ወግ ለማውራት በመነሣቴ አስቀድሜ አንባቢን ዝቅ ብዬ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ለጡረታ ጥቂት የቀረው፣ ጉርድ ሾላ አካባቢ ቁም ነገረኛ የሚባል ሰው፣ እሑድን ሙሉ ጠረጴዛ ከብቦ ሰው ድንጋይ ሲያደርግ ዋለ መባሉ ለዘመድም ለጎረቤትም አያኮራም። ግን ተደርጓል።

አበው የጥንቱን ዘመን ሲያነሡ "ድንጋይ ዳቦ ሳለ" ይላሉ። እኔን የሚገርመኝ የድንጋዩ ዳቦ መሆን አይደለም፤ የሰው ድንጋይ መሆን ነው። ታክሲ ውስጥ ረዳቱ "ጠጋ በሉ፣ አንድ ሰው ነው" ሲል የተሳፋሪውን ፊት አይታችሁ ታውቃላችሁ? ዓይን ይፈዛል፣ አንገት ይደርቃል፣ ዳሌ ከወንበሩ ጋር ይዋሐዳል። በዚህ ከተማ ሰውን ድንጋይ ለማድረግ አስማት አያስፈልግም። "ጠጋ በሉ" ይበቃል።

እኔ ግን አስማቱም አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእኅቴ ልጅ መክሊት ከሥራ ባልደረቦቿ ከሐናና ከአቤል ጋር እሑድ እሑድ ከቦሌ መድኃኔዓለም ጀርባ አንድ ካፌ ውስጥ የምትጫወተው ጨዋታ አለ። መክሊት ተራኪ ናት፤ ተራራውን፣ ዘንዶውን፣ ክፉውን ሁሉ እሷ ትሆናለች። ሌሎቹ አንዳንድ ጀግና ፈጥረው "እንዲህ አደረግሁ" ይላሉ፤ መሳካት አለመሳካቱን ዳይስ የሚሉት ተወርዋሪ ባለ ቁጥር መጫወቻ ይወስናል። እኔ አንድ ቀን ላያቸው ብዬ ተቀምጬ በዚያው ቀረሁ። የእኔ ጀግና ጠንቋይ ሆነ፤ ለጀማሪ ጠንቋይ አንድ አስማት ብቻ ነው የሚሰጠው አሉና ድንጋይ ማድረግን ሰጡኝ።

"ጠላትን ነው እንግዲህ ጋሼ" አለኝ አቤል፤ "ለሌላ አይጠቅምም።"

ልጅ ምን ያውቃል! የሚያፈስ ጣሪያ ላይ የዘረጋሁትን ሰሌን ድንጋይ አድርጌ ከዝናብ አድኛቸዋለሁ። አቤል ራሱ የአንድ ግዙፍ ሰውዬ በሬ ሰርቆ ሲመጣ፣ ባለቤቱ ከኋላው ሲደርስ፣ በሬውን ድንጋይ አደረግሁት፤ ግዙፉ ሰውዬ ቋጥኝ መስሎት ተደግፎት አርፎ፣ ላቡን ጠርጎ፣ ሌባውን እየተራገመ ሄደ።

ወደዚያ እሑድ እንምጣ። የሐና ጀግና ሚጢጢ የምትባል፣ ቁመቷ ክንድ የማይሞላ ቀስተኛ ናት። ሐና ከምንም ተነሥታ ዓመት ሙሉ ያሳደገቻት ናት፤ ስለ ሚጢጢ ስታወራ "እኔ" ነው የምትለው። ያን ዕለት ሚጢጢን እባብ ነደፋት። መክሊት ፊቷን አጥቁራ "የሚቀጥለው ተራ ሲደርስ ትሞታለች" አለች። በዚህ ጨዋታ የሞተ ሞተ ነው፤ ለቅሶ መድረስ እንኳ የለም። ሐና ማኪያቶዋን ትታ ወደ መስኮቱ ዞረች። 

"ድንጋይ አደረግኋት" አልሁ።

"እንዴ! ጋሼ ጨረሷት እኮ!" ብሎ ጮኸ አቤል።

"ድንጋይ መርዝ አይገድለውም" አልሁት። "እስክናሳክማት ትቀመጥ።"

ሐና ዞር አለች። መክሊት የደንቡን መጽሐፍ አገላብጣ፣ አገላብጣ፣ የሚከለክል አላገኘችም። ቀጥላ ግን ፈገግ አለች፤ የእኅቴ ልጅ ፈገግ ስትል ያስፈራል። መርዝንም ድንጋይነትንም የሚፈታው መድኃኒት በዓለም ላይ አንድ ጠርሙስ ብቻ ነው፤ ያለውም እዚያ በሬው የተሰረቀበት ግዙፍ ሰውዬ ቤት ነው አለች። "በሩን ለማንም አይከፍትም። ዳይስ ይጣሉ፤ ከትልቁ ቁጥር በታች ከመጣ ይረግጣችኋል።"

ሚጢጢን ለዳይስ ልስጣት? እኛ አገር አጥፊ እንዴት እንደሚታረቅ ይታወቃል። ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ተበዳይ ፊት ይጎነበሳል፤ ተበዳዩ ድንጋዩን እስኪያወርድለት ቀና አይልም። እኔ ደግሞ ድንጋይ አላጣሁም፤ ሚጢጢ አለች። ካፌው በሩን የሚያስደግፍበትን ድንጋይ አንሥቼ ጫንቃዬ ላይ አደረግሁና መክሊት ፊት ጎነበስሁ። "ሐናን ተሸክሜ መጥቻለሁ፤ ስለ በሬው ይቅር በሉኝ።"

"ጋሼ፣ ኧረ ሰው እያየ ነው! ዳይሱን ይጣሉ!"

አልተነቃነቅሁም። ይህን ጊዜ ከጎናችን ካለው ጠረጴዛ ነጠላ የለበሱ እናት ብድግ አሉ። እትዬ ጫልቱ ይባላሉ፤ ካፌው የቆመበት መሬት የአባታቸው የጤፍ ማሳ ነበር።

"አንቺ ልጅ! አባትሽን የሚያህል ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ቆሞ አንቺ መጫወቻ ትወረውሪያለሽ? አውርጂለት!"

መክሊት ግዙፍ ሰውዬ መሆኗ ቀረ። ብድግ ብላ በሁለት እጇ ድንጋዩን አወረደች። አቤል በሹክሹክታ "በሩ ተከፈተ" አለ።

እትዬ ጫልቱ ግን ሽምግልና ጀምረው በእንጥልጥል የሚተዉ ሰው አልነበሩም። ወንበር ስበው ተቀመጡ። "ጥፋቱ ምንድን ነው?"

"በሬ ነው" አልሁ።

"የማን?"

"የሷ።"

መክሊትን ከጫማዋ እስከ ላፕቶፕዋ አዩዋት። "ቦሌ አሁንም በሬ ያለው ሰው አለ? ጎሽ። ይቅርታው በጄ፤ በሬው ግን ይመለሳል።"

መክሊት ደስ አላት። "እማማ ፈርደዋል። በሬው ይመለስ። ጠርሙሱ ግን አንድ ነው ጋሼ፤ ወይ በሬው ይነሣል፣ ወይ ሚጢጢ።"

የሐና ፊት እንደገና ጠቆረ። እኔም ወደ ዳኛዬ ዞርሁ። "እትዬ፣ በሬው ከተወሰደ ጀምሮ አይንቀሳቀስም። እንዲያው እንዳለ ብንመልሰውስ?"

"የታመመ በሬም በሬ ነው" አሉ እትዬ ጫልቱ። "ደጁ ይድረስ እንጂ ባለቤቱ ያስታምመው።"

ተፈረደ። በሬው ድንጋይ እንደሆነ ተጎትቶ ግዙፉ ሰውዬ በር ላይ ቆመ፤ ጠርሙሱ ለሚጢጢ ሆነ፤ ሐና ያቀፈችኝን እቅፍ ገና ጎድኔ አልረሳውም። መክሊት ግዙፉ ሰውዬ ይቆጣል ብላ ነበር። "ለምን ይቆጣል?" አልኋት። "ቦሌን ዞር ዞር ብለሽ እዪ፤ በሩ ላይ የሲሚንቶ አንበሳ ያላቆመ ባለ ፎቅ አለ? የሱ እንኳ እውነተኛ በሬ የነበረ ነው። ድርቆሽ አይጠይቅ፣ ሌባ አይነዳው።" አሰበችበትና ግዙፉ ሰውዬ ጎረቤቶቹን ጠርቶ እያሳየ ነው አለች።

በሳምንቱ እትዬ ጫልቱ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ አገኙኝ። "በሬው ደረሰ?"

"ደርሷል።"

"ይበላል?"

"እስካሁን አልቀመሰም። ግን ምንም አልከሳ።"

"እግዜር ያውቃል" ብለው መረቁኝ። ከዚያ ወዲህ በጠባይ ጨዋ፣ በይቅርታ ደፋር ሰው እያሉ ስላስወሩልኝ፣ ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ የአጥር ወሰን ሲገፋ፣ ሽማግሌ እየተባልሁ የምጠራው እኔ ነኝ። ባለፈው ሁለት ወንድማማቾች አስታርቄያለሁ፤ እውነተኛ ሰዎች።

ስለዚህ አደራ፣ ይህን ነገር ከዚህ አታሳልፉ። በተለይ እትዬ ጫልቱ ጆሮ እንዳይደርስ። ፋሲካ ሳይደርስ ሄደው በሬውን ሊጠይቁት አስበዋል።